መቀነቱ ሳይነሳ

ቀና እንዳትል ብሎኛል ሐኪሙ። ስትበላም ስትራመድም ስትተኛም ፊትህ ወለል ወለሉን ይይ፣ ቀና ካልህ የሠራነው ሁሉ ገደል ገባ አለኝ። ዓይኔ ውስጥ ጋዝ ሞልተውበታል፣ አረፋ በሉት። አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ከዓይኔ ኋላ የተላቀቀውን ስስ ሽፋን ገፍቶ ከቦታው ያጣብቀዋል አሉ፣ እንዲያ እንዲሆን ደግሞ የዓይኔ ጀርባ ሰማይ ሰማይ ማየት አለበት፣ ስለዚህ እኔ ሙንተሲር፣ ለወንድ ጀርባዬን ሰጥቼ የማላውቅ ሰውዬ፣ ፊት የሚያስገባ ቀዳዳ ባለው የኪራይ ወንበር ላይ ተደፍቼ፣ ሆላንድ አገር ሮተርዳም ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ወለል አያለሁ። አያለሁ ማለቴም ወግ ነው! ግራ ዓይኔ ከሞተ ዘመን አልፎታል፣ ቀኙ አረፋው ውስጥ ሰጥሞ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ስልኩን ከፊቴ ሥር ወለሉ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሲጠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ እጄን ሰድጄ አገኘዋለሁ። ሙህሲን ይደውላል። ሙህሲን ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ቆቦ እናታችን ጋ ያለው እሱ ነው። ትናንት ደውሎ "አያ፣ እማ ዛሬ አልተናገረችም፣ ከንፈሯን በጥጥ ነው የምናርስላት" አለኝ። እኔ ምን አልሁት? አብሽር አልሁት። እሱ ራሷ ሥር ተቀምጦ ጥጥ እየነከረ፣ እኔ እዚህ ተደፍቼ፣ አብሽር የምለው እኔ ነኝ። አያሳፍርም?

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት የምሠራ ሰው ነኝ፣ አበባ መጋዘን ውስጥ ጋሪ እጎትታለሁ፣ ቀን መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ከድሮም ለምጄዋለሁ፣ አሁን ግን ቀኑ ሲጋደም አብሬው አልጋደምም፣ አንገቴ ደንዝዟል፣ ግንባሬ ከስፖንጁ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ቆዳዬ አብሮ የሚላጥ ይመስለኛል። ጠዋት ነርስ ትመጣለች፣ ጠብታ ታደርግልኛለች። የሱሪናም አገር ሰው ናት፣ መልኳን አላውቀውም፣ የጫማዋን ኮቴ ነው የማውቀው። ሰው የለህም ወይ ትለኛለች። አለኝ እላታለሁ። የት? ሩቅ። ሆስፒታሉም እንዲሁ ነው ያደረገኝ፣ የሚወስድህ ሰው ካልመጣ አንለቅህም አሉ፣ ታክሲ ጠርቼ እሄዳለሁ ብል ታክሲ ሰው አይደለም አሉኝ። ይኸው ስንት ዓመት ኖሬ፣ እጄን ይዞ ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ ሰው አምጣ ሲሉኝ ከሥራ ቦታ አንድ በቅጡ የማላውቀውን ፖላንዳዊ ለመንሁ። መጣ፣ አላህ ይስጠው፣ በር ላይ አድርሶኝ ሄደ። ቆቦ ብሆን ለእንዲህ ያለው ነገር መንደሩ ነበር የሚወጣው፣ እንዲያውም በቃችሁ ግቡ ማለት ነው የሚያስቸግረው።

ሱጁድ ይመስላል አቀማመጤ፣ ግን ሶላት አይደለም። ትግልም ይመስላል። ልጆች ሳለን ጎሊና ወንዝ ውሃው ሲጎድል አሸዋው ላይ ትግል እንገጥማለን፣ ሲመሽ ጆሯችን ሳይቀር አሸዋ ሞልቶት እንገባለን፣ እማ በር ላይ ታራግፈናለች፣ "ዛሬስ ማን ጣለህ?" ትለኛለች፣ ማንም አልጣለኝም እላለሁ፣ እውነት ነው፣ ከአራጌ በቀር ማንም አይጥለኝም። አራጌ የጎረቤታችን የአለሙ ልጅ ነው። እነሱ ክርስቲያን እኛ እስላም፣ መሀላችን ያለው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ማሽላው ሲያፈራ አንድ ማማ ላይ ሆነን ወፍ እንጠብቃለን፣ ጥንቅሽ ለሁለት እየሰበርን እንመጣለን፣ እኔ ሁልጊዜ ጣፋጩን ጎን እወስዳለሁ፣ እሱ እያወቀ ዝም ይለኛል። እንዲያ የነበርን ሰዎች ነን አንድ ክረምት በጎርፍ ተራ የተጣላነው። ቆላ ነውና ዝናቡ ደጋ ይዘንባል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ጎርፉ ነው፣ ጎርፉን በቦይ መልሶ ማሳው ላይ ያላስተኛ ሰው የዚያን ዓመት እህል አያይም። ተራው የኛ ነበር፣ አባቴ ሞቷል፣ እማ ባሏን ቀብራ ያቺን ማሳ ይዛ ቀርታለች፣ ሄጄ ሳይ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ወደ እነአራጌ ማሳ ይሄዳል። አራጌ አካፋውን ይዞ ቆሟል። ምን ተባባልን? አላስታውሰውም። ዱላ ለዱላ ተያዝን። ግንባሩን ፈነከትሁት፣ ጉልበቴን መታኝ፣ ጭቃ ላይ ጥዬው ዱላዬን ሽቅብ አነሳሁ፣ ያ ዱላ ቢወርድ ኖሮ አራጌ ዛሬ አልነበረም፣ ወላሂ አልነበረም።

እማ መጣች። ጭቃውን እያንቦጫረቀች፣ ጫማ የላት፣ እየሮጠች መቀነቷን ከወገቧ ፈታችና መሀላችን ላይ ወረወረችው። በቃ። ዱላዬ አየር ላይ ቀረ። በእኛ በራያ እናት መቀነቷን ፈትታ በሁለት ሰው መሀል ከጣለች ያንን ተሻግሮ እጁን የሚሰድ ሰው የለም፣ የማን እናት ናት አይባልም፣ ጥፋቱ የማን ነው አይባልም፣ የጣለች እናት ናት፣ አለቀ። መቀነቱ ደግሞ ዝም ብሎ አይነሳም። ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቅ እዚያው ይውላል፣ ያድራል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ የምታነሳው የጣለችው ናት፣ እሷ ካልቻለች ደግሞ የተጣለበት ሰው ፈቅዶ ነው የሚነሳው፣ ሳይፈቅድ የነካ ወዮለት። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ መጥተው እኔና አራጌን አሳሳሙን፣ የአራጌ ደም ጉንጬ ላይ ነክቶኝ ቀረ፣ እማ መቀነቷን ከጭቃ ውስጥ መዝዛ አነሳችና "ሁለታችሁም ደደቦች!" አለችን። ከዚያ አጠበችው። ወገቧ ላይ ስታስረው አስታውሳለሁ፣ ገና እርጥብ ነበር፣ ሲደርቅ ይደርቃል አለች።

ከዚያ በኋላማ ወጣሁ። ሥራ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ጨው ከሚያመላልሱ አፋሮች ጋር ተስማምቼ ወረድሁ፣ ጅቡቲ፣ መርከብ፣ ከመርከብ ሆላንድ። ካምፕ ውስጥ አስቀመጡኝ፣ ጠብቅ አሉኝ፣ መጠበቅ የዚህ አገር ሥራ ነው፣ ሰው ደመወዝ ሳይከፈለው ይጠብቃል። አንድ ቀን ዞር ዞር ስል ከምድር ቤት የጡጫ ድምፅ ሰማሁ፣ በደረጃው ወረድሁ፣ ዊም የሚባል አፍንጫው ሦስት ቦታ የተሰበረ ሽማግሌ አሠልጣኝ ነበር፣ ምን ትፈልጋለህ ሲለኝ ቋንቋ የለኝ፣ ወደ ምንጣፉ አመለከትሁ። ግዙፍ ሰው አመጣብኝ። ገጠምን። ጎሊና አሸዋ ላይ እንደማደርገው ወገቡን አቅፌ ጣልሁት። ሌላ አመጣ፣ ጣልሁት። ዊም ሳቀና ነገ ና አለኝ፣ ነገ ና የሚለውን ሆላንድኛ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያኔ ይህ ዛሬ ኤም ኤም ኤ የሚሉት ነገር ስም እንኳ በቅጡ አልነበረውም፣ ፍሪ ፋይት ይሉታል፣ ቦክሰኛውም ጁዶኛውም ካራቴኛውም የመንደር ዱርዬውም አንድ ላይ ይገባል፣ ኪሎ የሚመዝን የለም፣ ሐኪሙ ጥግ ላይ ቢራ ይጠጣል። ሕግ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ አትንከስ፣ ዓይን አትውጋ አሉኝ። ሌላውስ? ሌላውን እንዳሻህ። ወይ አገር አልሁ! እኛ ጋ በባዶ እጅ ስትገጥም እንኳ የማይነካ አለ፣ ለወደቀ ሰው እጅ ይሰጣል፣ እዚህ ለወደቀ ሰው ጉልበት ነው የሚሰጠው። ለመድሁት። ሰው ምን የማይለምደው አለ። በስፖርት አዳራሽ፣ በቢራ ቤት ጓሮ፣ አንዴ እንዲያውም የከብት ጨረታ በሚካሄድበት መጋዘን ውስጥ ገጥሜያለሁ፣ የከብቱ ሽታ ሲመጣብኝ የቆቦ ገበያ ውስጥ ያለሁ መሰለኝና ደስ አለኝ፣ ያን ቀን ያሸነፍሁት በዚያ ሽታ ኃይል ነው። ጃፓንም ወስደውኛል። ኦሳካ። አንዱን ትልቅ ሰው አንገቱን ቆልፌ በቃኝ ብሎ ምንጣፉን በእጁ እንዲመታ አደረግሁት፣ ሕዝቡ ጭጭ! አንድ ሰው አልጮኸም። ጠሉኝ፣ አበቃልኝ፣ ሊገድሉኝ ነው ብዬ ፈርቼ ስወጣ ቀስ ብለው አጨበጨቡ። አክብሮታቸው ነው ለካ። ለእማ በስልክ ስነግራት በሳቅ ሞተች። "የኛ ሰው ቢሆን ይሄኔ አዳራሹን አፍርሶት ነበር" አለች።

ያኔ ስልክ መደወል ራሱ ሥራ ነበር። ቆቦ ቴሌ ጥሪ ይላካል፣ መልእክተኛው ቤቷ ይሄዳል፣ እማ ነጠላዋን ለብሳ ትመጣና ወረፋ ትይዛለች፣ ሌሎቹም ወረፋተኞች ይሰሙናል፣ እሷም ለነሱ ብላ ትጮኻለች፣ "ልጄ ነው! ከፈረንጅ አገር ነው!" ምን ትሠራለህ ስትለኝ ትግል እላታለሁ፣ ትግልማ ሥራ አይደለም ትላለች፣ እዚህ ሥራ ነው እላታለሁ፣ ታዲያ አራጌንም ውሰደው ትለኛለች። አሁን ትስቃለህ አንተ። አሁን ሳቅ፣ ተደፍተህ። ስትስቅ አረፋው ይነቃነቃል፣ ተው።

ያችን ግጥሚያ ላስባት አልፈልግም ነበር፣ እሷ ግን ራሷ ትመጣለች። ሰሜን ሆላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የመጣው ሁሉ የዚያ የሄንድሪክ ዘመድ ነው። ሄንድሪክ ገጣሚዬ ነው፣ ባሕር ላይ ያደገ፣ አንገቱ እንደ ወይፈን። ከመጀመሪያው ተሻልሁት። ጥግ አስያዝሁት። ቅንድቡ ተሰነጠቀ፣ ደሙ ፊቱን ሞላው፣ እጁ ወረደ፣ አሁን አንዴ ብደግመው ያልቃል፣ ዊም ከኋላዬ "ጨርሰው! ጨርሰው!" ይለኛል፣ እጄን አነሳሁ። ቀይ ጨርቅ መጣ። ከገመዱ በላይ ተንሳፎ መጥቶ በእኔና በሄንድሪክ መሀል ወለሉ ላይ አረፈ። የሴት የአንገት ልብስ። ቀና ስል አንዲት ትልቅ ሴት ገመዱን ይዛ ቆማለች፣ ፀጉሯ ነጭ፣ እጇ አፏ ላይ፣ መልኳን አይቼ እናቱ እንደሆነች አወቅሁ፣ አገጫቸው አንድ ነው። አላሰብሁም እኮ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አስቦ አያደርገውም። እጄ ወረደ። ወደ ኋላ ተመለስሁ። በቃ፣ እናት ጥላለች፣ ግጥሚያው አልቋል፣ አሁን ሽማግሌ ይመጣል፣ እንሳሳማለን። ዳኛው መጣና ጨርቁን በእግሩ ገፋ አደረገው። በእግሩ! የእናት ጨርቅ! አፌን ከፍቼ እያየሁት ሳለ ቀጥሉ አለ መሰለኝ፣ ሄንድሪክ በእግሩ ፊቴን አገኘኝ፣ ከወደቅሁም በኋላ መታኝ፣ ግራ ዓይኔን ደጋገመው። እኔ ወለል ላይ ሆኜ የማስበው ምን ይመስላችኋል? ይህ ሰው እናቱን እንዴት እንዲህ ያዋርዳታል እያልሁ ነው የማስበው። ሞኝ!

ሆስፒታል ዊም መጣና ሰደበኝ፣ አለቀሰና ደግሞ ሰደበኝ። ጨርቅ ነው፣ ከአሠልጣኙ እጅ ካልመጣ ፎጣ እንኳ ዋጋ የለውም፣ ምን ነክቶህ ነው አለኝ። ላስረዳው ብዬ ደከምሁ፣ የሆላንድኛዬ አቅም "እናት… ቁም" ብቻ ሆነ። ከዚያ እሷ መጣች፣ የሄንድሪክ እናት፣ የወይን ፍሬ ይዛ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ፣ የምትለው አይገባኝም፣ ታለቅሳለች ብቻ። ቀዩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አደረገችው፣ አጥባዋለች፣ የሳሙና ሽታ አለው። የጣለችው ራሷ አንስታዋለች ማለት ነው፣ ነገሩ ተዘግቷል ማለት ነው። እኔ ከዚያ በኋላ በሄንድሪክ ላይ ቂም መያዝ አልቻልሁም፣ ልያዝ ብል እንኳ እምቢ አለኝ። ለእማ በቴሌ ነገርኋት። "ዓይንህ አይድንም?" አለች። አይድንም አልኋት። "አንዱ አለ?" አለች። አለ አልኋት። ለረጅም ጊዜ ስታለቅስ ሰማኋት፣ ከዚያ ድምጿን ጠርጋ "ደግ አደረግህ ልጄ፣ የሷን ተሻግረህ መትተኸው ቢሆን ኖሮ ቤቴ እንዳትገባ እልህ ነበር" አለችኝ። ከሁሉ ድሌ ይልቅ ለቆቦ ሰው ያወራችው ያንን ሽንፈት ነው።

አሁን ግጥሚያውን አንዱ ከድሮ ካሴት ላይ ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ገጥሞ እጁን ያወረደው ሰውዬ ይሉኛል፣ ዓለም ይስቅብኛል፣ የመጋዘኑ ልጆች አይተው መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁብኝ፣ አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ሙህሲን ግን ለአራጌ አሳይቼው ነበር አለኝ። አልሳቀም አለኝ። ጨርቁ ሲወድቅ አራጌ ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ዳኛው በእግሩ ሲገፋው "ኧረ! ኧረ!" ብሎ ጮኸ፣ ቀሪውን ሳያይ ወጣ አለኝ። የኔን ግጥሚያ ያየልኝ እሱ ብቻ ነው።

ሌላው ዕድሜ እንዴት እንዳለፈ ጠይቁኝማ። ጭፈራ ቤት በር ጠበቅሁ፣ አበባ ጎተትሁ፣ አግብቼ ነበር፣ ቀረ። አንዴ ለዐረፋ ቆቦ ሄጃለሁ፣ እማ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ የሞተውን ዓይኔን ሳመችው። በየዓመቱ እመጣለሁ እላለሁ፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ጦርነት ሆነ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ወራት ሙሉ ይኑሩ ይሙቱ ሳላውቅ ያንኑ ቁጥር እደውላለሁ፣ ያችው የማሽን ሴትዮ ያንኑ ትለኛለች፣ እኔ ግን ዝም ብዬ እሰማታለሁ፣ አማርኛዋን ብዬ። ተከፍቶ እማ "አለን" ስትለኝ መጋዘኑ ውስጥ አበባው መሀል ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። መሄድ የነበረብኝ ያኔ ነው። ያኔ ለምን አልሄድሁም? መንገዱ ተዘግቷል አሉኝ። ለሌላው ሰው ሁሉ ተዘግቶ ነበር ወይ?

ጋሪ ስጎትት ነው ጥላው የመጣው። ከቀኝ ዓይኔ ጥግ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፣ ሰው የቆመ መስሎኝ ይቅርታ አልሁት። ሰው አልነበረም። ሐኪሙ አየና ዛሬውኑ ግባ አለኝ፣ የድሮው ምት ነው፣ ይህም እየተላቀቀ ነው፣ ከቆየህ ጨርሶ ይሄዳል። ከገባሁ መቼ እበርራለሁ? ጋዙ ከዓይንህ እስኪወጣ አትበርርም፣ አውሮፕላን ላይ አረፋው ያብጣል፣ ዓይንህን ያፈነዳዋል፣ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ትኬት አለ። ሙህሲን ከሦስት ቀን በፊት ደውሎ እማ ወድቃለች፣ ስምህን ትጠራለች፣ ቶሎ ድረስ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙን አየሁት። ፊቱን በደንብ አየሁት፣ ጥላው አፉ ጋ ደርሷል። ነገ እመጣለሁ አልሁት፣ ዋሸሁት፣ ወደ ቤቴ ሄጄ ሻንጣ ማጨቅ ጀመርሁ። ለዓይን ብዬ ነው እንዴ እናቴን የማላያት? ልያትና ይጥፋ! ፊቷን አይቼ ከጠፋ የቀረው ምን ይታያል?

ለሙህሲን የሐኪሙን ነገር ነግሬው ነበር፣ አፍ አይቆለፍለትም፣ ነገራት። ስልኩን አቀበላት። ድምጿ የሷ አይመስልም፣ እንደ ራቀ ሰው ነው።

"ሙንተሲር፣ ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝ እማ። እየመጣሁ ነው።"

"አትዋሸኝ። ዓይንህን ልታጠፋ ነው የምትመጣ?"

"ፊትሽን ልይ ነው እንጂ!"

"ፊቴ ምን ይታያል፣ ተጨማዷል። ፊቴን ታውቀዋለህ።" ትንፋሿ ቆመ፣ ተመለሰ። "ሙህሲን፣ ና መቀነቴን ፍታልኝ።" ሙህሲን "እማ ምን ልታደርጊ ነው?" ሲላት ይሰማኛል፣ የጨርቅ ኮሽታ ይሰማኛል። "ውሰድና የፊት በሩ ደፍ ላይ ጣለው። በእጄ አስነክተህ ነው የምትጥለው። ጣልኸው?" ከሩቅ "ጣልሁት እማ" አለ ሙህሲን፣ እያለቀሰ ነው። "ሰማህ ሙንተሲር? ጥዬብሃለሁ። እስኪ የኔን ተሻግረህ ና።"

እማ አልሁ። እማ አታድርጊኝ አልሁ። ስሚኝ ብዬ ተማፀንኋት፣ ጮህሁባት፣ በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ "ለዚያች ለፈረንጇ እናት ቆመህ የለም? የኔ ከሷ ያንሳል?" አለችኝ።

ምን ይባላል? ምን ትላላችሁ? ሻንጣውን እንዳለ ትቼ ወደ ሆስፒታል ሄድሁ።

ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እጄን ሰደድሁ። አገኘሁት። "አያ" አለ ሙህሲን፣ ከኋላው የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። መቼ አልሁት። የዙሁር አዛን ሲል አለኝ። እንባዬ መጣ፣ ተደፍቼ ነውና ጉንጬን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ። መላ ሰውነቴ ተነስ ይለኛል፣ ጀርባዬ ይነሳል፣ አንገቴ ይነሳል፣ ግንባሬን ወደ ስፖንጁ መልሼ ገፋሁት። "አያ፣ አንድ ነገር አለ" አለ። "መቀነቱ እዚያው ደፍ ላይ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የተሻገረው የለም፣ በጓሮ በር ነው የምንገባ የምንወጣው። አሁን ጀናዛዋን ልናወጣ ነው። ሼኹ ጨርቅ ነው አንሱት አሉ፣ ሴቶቹ ግን አንዷም እጇን አልሰደደች። አራጌ በሩ ላይ ቆሟል፣ የተጣለበት ሰው ሳይፈቅድ አይነካም ይላል። እማን በጓሮ በር እናውጣት እንዴ?"

 መቀነቱ እዚያ እስካለ ድረስ እማ አትምጣ እያለችኝ ነው። አትምጣ እያለችኝ ከሆነ ደግሞ አለች። ትቆጣለች፣ ትከለክለኛለች፣ በር ላይ ተኝታ ትጠብቀኛለች። አንሱት ካልሁ ማን ይከለክለኛል ከዚህ በኋላ? ይቆይ ልበለው? ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ አንድ ሰዓት፣ ትንሽ። "አያ፣ ፀሐዩ በረታ፣ ሰው ቆሟል" አለ ሙህሲን። በዚያች ቤት ሙሽራ ሆና በፊት በር ገብታለች። በጓሮ በር አትወጣም።

"ስልኩን ለአራጌ ስጠው" አልሁት።

"ሙንተሲር" አለ አራጌ። ድምፁ አርጅቷል።

"አንሳው አራጌ።"

"ፈቅደሃል?"

"ፈቅጃለሁ።"

ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት፣ ያረጀ ሰው ጉልበት፣ "በስመ አብ" አለ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ምንም የለም፣ ከዚያ ብዙ እግር መጣ፣ ላኢላሀ ኢለላህ እያሉ በፊት በሩ ሲያወጧት ድምፁ ከቤት ወደ ደጅ ሲለወጥ ሰማሁት፣ ነፋስ ገባበት፣ የቆቦ ነፋስ ነው። ሙህሲን ስልኩን አልዘጋብኝም። ወደ መስገጃው ሲደርሱ ተነሳሁ። የጀናዛ ሶላት ሱጁድ የለውም፣ ቆመው ነው የሚሰግዱት። ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ቀብሬ፣ ኢማሙ አላሁ አክበር ሲል አላሁ አክበር አልሁ። መቀነቱ ተነስቷል። ቀና ብል አትበል የሚለኝ ሰው የለም።

ቀና አላልሁም።